የቢቸናው በሬ እና የእኔ ዊን-ዊን

ሰኔ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ከሞጣ ወደ ቢቸና ስንጓዝ፣ ከተማው ሊታየን ትንሽ ሲቀረው፣ የተሳፈርኩበት ላንድሮቨር አንድ የእርሻ በሬ ገጨ። የበሬው የፊት እግር ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም።

የተዋረደ ሰው ግን ነበር።

እኔ ነኝ።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው። ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ አልተወለዳችሁም፤ ስለዚህ ምስክር ልትሆኑብኝ አትችሉም፤ ደስ ይላል። እኔ ያኔ የአንድ አዲስ አበባ ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። ክራባት አስራለሁ። ጎጃምን ዞሬ ስለጨረስኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል።

አሁን ምን አስታወሰህ ትሉኝ ይሆናል። ትናንት የልጅ ልጄ ከሥልጠና ተመልሳ «ዊን-ዊን ሲቹዌሽን ማለት ምን ማለት ነው? በምሳሌ አስረዱኝ» ብላ ፖስት አደረገች። ኮመንቱ ጎረፈላት። ሁሉም የሚለው ያው ነው፦ ሁለቱም ወገን የሚያሸንፍበት።

እኔም ቢቸና በር ላይ ቆሜ እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

ስለዚህ ኮመንት መጻፉን ትቼ ይህን እጽፋለሁ። ይረዝማል። ሥራ ያለው ሰው እዚህ ላይ ላይክ አድርጎ ይሂድ።

ባለመኪናው ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ። የሞጣ ነጋዴ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅና ጨው ይነግዳሉ። ላንድሮቨሯን የገዙት በዚያው ዓመት ነው። ሹፌር ስለማያምኑ ራሳቸው ይነዳሉ፤ ሲነዱ ደግሞ ያወራሉ፤ ሲያወሩ የሚያዩት የሚያናግሩትን ሰው ነው። የሚያናግሩት እኔን ነበር። በሬውን ያየሁት እኔ ነኝ። «ሐጂ!» ስል ጊዜው አልፏል።

እኔ የምሄደው ቢቸና ውስጥ በማግስቱ የሚመረቁ አዲስ የትምህርት ቤት ክፍሎችን ለመዘገብ ነው። አንድ ቀን ቀድሜ መድረሴ ነው። ጠንቃቃ ሰው ነኝ እኮ።

የበሬው ጌታ አያ ልየው ይባላሉ፤ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው። እያነከሱ መጡና ከበሬው አጠገብ ቁጭ ብለው እጃቸውን ሻኛው ላይ አሳረፉ። አልጮሁም። አልተሳደቡም። «ዳልቻ» አሉት በስሙ፤ ሌላ አላሉም። ጎረቤት ግን ዱላውን ይዞ እየተሰበሰበ ነው። ሐጂ ከመኪናው ወርደው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወላሂ የኔ ነው» ይላሉ። ጥፋትን ማመን ዱላ አያስጥልም።

በሌላ ወር ቢሆን ነገሩ ያን ያህል አይከብድም ነበር። የእርሻ በሬ የተሰበረበት ሰው በሬውን ያርዳል፤ ጎረቤት ቅርጫ ይገባለታል፤ ከዚያ በሚያገኘው ሌላ በሬ ይገዛል። አልበላም የሚል የለም፤ ነገ የራሱ በሬ ገደል ይገባ ይሆናላ።

አሁን ግን የሰኔ ጾም ነው። ሥጋውን ማን ይብላው? ቋንጣ እንዳይደረግ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ሐጂ ከባረኩት ደግሞ ለቢቸና ሙስሊሞች ይሆናል፤ ክርስቲያኑ ግን ጾሙ ቢፈታም አይቀምሰውም።

በሬው እየተሰቃየ ነው። ቶሎ መወሰን አለበት።

በዚህ መሐል ክራባት ያሰረ ሰው ወደ ፊት ወጣ።

«ፈቃዳችሁ ከሆነ ነገሩን እኔ ልያዘው» አልኩ። ዘመኑ ኮትና ክራባት የሚከበርበት ዘመን ነው። መንገድ ለቀቁልኝ።

ጥያቄ መጠየቅ ሥራዬ ነው። በአያ ልየው ጀመርኩ።

«አያ ልየው፣ ምን ቢደረግልዎ ይሻላል?»

«ዳልቻ ቢነሳ።»

«እሱ ካልሆነስ?»

ጉልበታቸውን አሻሹ። ሰውን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በቅሎ» አሉኝ።

«በቅሎ?»

«እርሻው በቃኝ። ጉልበቴ ከድቶኛል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳም እንኳ በየመንገዱ እያረፍኩ ነው የምሄድ። በቅሎ ነበረች የምመኝ።»

ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂ ዓይናቸው በራ። መኪናዋን ከገዙ ወዲህ ሥራ የፈታች አንዲት ጭነት ለምዳ የነበረች በቅሎ ቢቸና፣ ወዳጃቸው ግቢ ውስጥ ታስራ ትበላለች። ወዳጃቸውም «መቼ ነው የምትወስዳት?» እያሉ ባዩዋቸው ቁጥር ይነዘንዟቸዋል።

እዩት እንግዲህ! ሐጂ በሬውን ባርከው ሥጋውን ለቢቸና ወገኖቻቸው ያደርሳሉ። ከበቅሎዋም ከንዝንዙም ይገላገላሉ። አያ ልየው በቅሎ ያገኛሉ፤ ቆዳውም ይቀርላቸዋል። በሬው ከስቃይ ያርፋል። ዱላ ያነሳም ዱላውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ያኔ ዊን-ዊን የሚባል ቃል አላውቅም። ቃሉን ባውቀው ኖሮ መኪናው ላይ ወጥቼ እጮኸው ነበር።

አጨባበጥኳቸው። ንግግርም አደረግሁ። አዎ፣ ንግግር። «ዛሬ እዚህ ቦታ ተሸናፊ የለም» አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ለትክክለኛነቱ፣ ያጨበጨቡት ሐጂ ናቸው።

ከሰዉ መሐል የሚያጉረመርሙ ነበሩ። የአድናቆት መሰለኝ።

ሐጂ በሬውን ባረኩት። ከቢቸና ሰዎች መጥተው ሥጋውን ጫኑ። በቅሎዋም መጣች፤ አያ ልየው ገመዷን ይዘው አንገቷን ያሻሻሉ። እኔ ኮቴን እያራገፍኩ ወደ መኪናው አመራሁ።

ቀንበር የተሸከመ ወጣት ከማሳው በኩል መጣ።

ይስማው ይባላል። ይህን ስሙን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከሁሉ በፊት መስማት የነበረብኝ ስም ነው። መሬት ላይ የተዘረጋውን ቆዳ አየ።

«ዳልቻ ነው?»

«በበቅሎ ተለወጠ» አለው አንዱ።

ይስማው ወደ አያ ልየው አየ። አያ ልየው ወደ በቅሎዋ አዩ።

«ማን ዳኘው?»

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። አንድም የተሳሳተ የለም።

ይስማው ቀንበሩን ከትከሻው አወረደና እግሬ ሥር አኖረው። በትሕትና ነው ያኖረው፤ የባሰው እሱ ነው።

«ጌታው» አለኝ፣ «በቅሎዋን ከበሬዬ ጋር ልጥመዳት?»

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። ሐጂ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አንድ ሽማግሌ ከሳቁ ብዛት መኪናውን ተደግፈው ነው የቆሙት።

ለከተማ ልጆች ላስረዳ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ማረስ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ ይባላል። ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው በተራ የአንዱንም የሌላውንም መሬት ያርሳሉ። ዳልቻ የይስማው በሬ መቀናጆ ነበር። መንገዱን ሲሻገር የነበረው ወደ ይስማው ማሳ ሲሄድ ነው፤ ቀኑ የይስማው ተራ ነበር። ልጁ ማሳው ላይ ሆኖ በሬ ሲጠብቅ ነው እኔ እዚህ ንግግር የማደርገው።

ይህን እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። በቅሎዋም ሳታውቅ አልቀረችም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ።

«አልጠየቁንማ» አለኝ አንዱ። «ደሞ መች ፋታ ሰጡን?»

ጋዜጠኛ ነኝ እንግዲህ። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተማርኩት «ማን?» ብሎ መጠየቅን ነው። «ማን» ማለት ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለኝ ግን ማንም የለም።

ይስማው በዚያው ዓመት ነው ጎጆ የወጣው። የሚያርሰው የሚስቱን አባት መሬት ነው። አማቱ ዘንድሮ መሬቱን ጦም ካሳደረው ለሌላ አራሽ እንደሚሰጡ አስቀድመው ነግረውታል። ጤፍ ደግሞ ተደጋግሞ የለሰለሰ መሬት ነው የሚፈልግ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው መቀናጆ አያገኝም፤ ሁሉም ተቀናጅቶ ጨርሷል።

በአጭሩ፣ የልጁን ዓመት በበቅሎ ለውጬበታለሁ።

«ይስማው ልጄ፣ ልነግርህ ነበር» አሉ አያ ልየው።

«መቼ? በቅሎዋ ላይ ተቀምጠው?»

«ጉልበቴን ታውቀዋለህ።»

«ጉልበትዎን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ተራዎን ያረስኩልዎ እኔ አይደለሁ? ያመኛል ቢሉኝ ሁሉንም አርስልዎ ነበር። በሬውን ከመልቀቅዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቢጠሩኝ ምን ነበር?»

አያ ልየው የበቅሎዋን ገመድ ዘረጉለት። «ውሰዳት» አሉ። እጃቸው ግን ገመዱን አልለቀቀም። ያችን እጅ ሳያት ነው የሠራሁት ነገር ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ። የአንዱን ሕልም ሰጥቼ የሌላውን ጉሮሮ ዘግቻለሁ፤ ልመልሰው ብል ደግሞ ሕልሙን ልቀማ ነው። በሬው እንደሁ ወደ ቢቸና ድስቶች ሄዷል።

እኔ በዚህ ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። ለመሄድ።

«ወዴት ነው ልጄ?» አሉኝ ሐጂ።

«ነገ ምረቃ አለብኝ።»

«ነገሩን ልያዘው አላልክም? የያዝከውን ሳትቋጭ መሄድ የለም። እኔ በዚህ መንገድ በየሳምንቱ ነው የምመላለሰው። ቂም ባለበት መንገድ አላልፍም።»

ቆምኩ። ሐጂ ወደ ይስማው ዞሩ።

«አንተ ምን ይሻልሃል?»

ይህችን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ከእኔ የተሻለ ትምህርት የላቸውም፤ ከእኔ የተሻለ ጆሮ ነበራቸው።

«ካሳ አልፈልግም» አለ ይስማው። «ጤፉ እስኪዘራ የሚጠመድ በሬ ነው የምፈልግ። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።»

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። ያ ግቢ፣ በቅሎዋ የነበረችበት፣ ሌላም የታሰረ ነገር አለበት። ሐጂ ለመስከረም ገበያ የሚያደልቡት ሰንጋ። ድሮ የእርሻ በሬ ነበር፤ ከቀንበር ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን ሥራው መብላትና መተኛት ብቻ ነው። የጡረታ ኑሮ ነው የያዘው፤ ዛሬ እኔ እንደያዝኩት።

«እሱን ውሰደው» አሉ ሐጂ። «ስትዘራ ትመልስልኛለህ።»

«ዘርቼም ሣሩን ከኔ ዘንድ ይብላ» አለ ይስማው። «ክረምቱን ሙሉ ከማሳዬ ዳር ሣር አለ። ለመስከረም እዚያው ይደልብልዎ።»

«የኔንስ መሬት?» አሉ አያ ልየው ቀስ ብለው።

«የእርስዎንም እኔው አርሰዋለሁ። ምርቱን እኩል እንካፈላለን። በቅሎዋን ይያዟት።»

እና ተጨባበጡ። ሦስቱም። እኔን ማንም ምን ትላለህ አላለኝም። ንግግርም አልጠየቁኝም።

በሰላም ልሄድ ስል ይስማው አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ሰንጋው ቀንበር ረስቷል። የመጀመሪያውን ቀን ከፊት እየጎተተ የሚመራው ሰው ያስፈልገኛል። ሰው ደግሞ ሁሉም በየማሳው ነው።»

ወደ እኔ ዞረ።

«ጌታው ይመሩታላ» አለ።

አርብ ጠዋት። ያደርኩት አያ ልየው ቤት ነው። ባለቤታቸው እትዬ የሽ ሱሪዬን አይተው አዘኑለትና የአያ ልየውን ቁምጣ አመጡልኝ። ለበስኩት። እትዬ የሽ እግሬን አዩት።

«ውይ ልጄ፣ እነዚህን አገር እንዳያያቸው» አሉኝ።

አገር አየው። ማሳው ከሞጣ ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ ጥግ ነው።

ሰንጋው ከይስማው ከሲታ በሬ ጋር ተጠመደ። እኔ ገመዱን ይዤ ከፊት። ይስማው እርፉን ይዞ ከኋላ። ጥቂት ሄድን። ሰንጋው ቆመ። ጎተትኩት። አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሰው ፊት ወንበሩን እንደሚያመቻች ባለሥልጣን እየተመቻቸ፣ ተኛ።

«ጌታው፣ ያናግሩት» አለኝ ይስማው ከኋላ። «ትናንት በንግግር ጎበዝ ነበሩ።»

ተነሳ፣ ተጓዝን፣ ተኛ። ጎተትኩት፤ ድንገት ሲነሳ እኔ ወደቅሁ፤ በግንባሬ። ዝናቡ ጀመረ። የቢቸና ጭቃ እንዴት ያለ መሆኑን ለማያውቁ፦ ጫማ ይወስዳል። ወሰደም።

በዚህ መሐል አንድ መኪና ከሞጣ በኩል መጥቶ ማሳው ጥግ ቆመ። ለምረቃው የተጠሩ የሞጣ መምህራን ናቸው። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ በዚያው ሳምንት ሞጣ ላይ ስለ ጋዜጠኝነት ሙያ ሳስረዳው ነው ያመሸሁት። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ጤና ይስጥልኝ! በዚህ በኩል አንድ ጋዜጠኛ ሲያልፍ አይታችኋል? ክራባት የሚያስር። ምረቃው ላይ ይጠበቃል።»

ጭቃ ሸፍኖኛል። ቁምጣ ለብሻለሁ። አንድ እጄ ሰንጋው አፍንጫ ላይ ነው።

«አላየሁትም» አልኩ።

እውነት ነው። መስታወት አልነበረም።

መኪናው ሄደ። ከኋላዬ ይስማው እርፉን ይዞ እንደቆመ ሳቅ አንቆታል። በዚያች ጠዋት የመጀመሪያ ሳቁ ነው። አልቀየምኩትም። ከሠራሁበት አንጻር ይስቅ ዘንድ የተገባው ነው።

ረፋዱ ላይ ሰንጋው የረሳው ነገር ትዝ ያለው ይመስል ዝም ብሎ መሄድ ጀመረ። ገመዱ ላላልኝ። ጉልበት ሳላወጣ ከፊቱ እየሄድኩ ነው። ቀና ስል አያ ልየው መንገዱ ላይ በበቅሎዋ ቆመው ያዩናል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ኖሯል። ኮፍያቸውን አወለቁልኝ። ሰው ኮፍያውን አውልቆልኝ ያንን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ዛፍ ሥር ስናርፍ ይስማው ሽምብራ ቆሎ ከእጁ ወደ እጄ ገለበጠልኝ።

«ጌታው፣ ከፊት ሆነው ሲጎትቱ ደህና ነዎት» አለኝ። «ሲዳኙ ነው እንጂ።»

ምረቃው ላይ አልደረስኩም። አዲስ አበባ ስመለስ አዘጋጁ ቢሮው አስገባኝ።

«ምረቃው እንዴት ነበር?»

«አላየሁትም።»

«ቢቸና አልሄድክም?»

«ሄጃለሁ።»

«ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?»

እውነቱን ነገርኩት። ዘገባ አድርገህ ጻፈው አለኝ። አልጻፍኩትም። እነሆ ዛሬ ፌስቡክ ላይ እየጻፍኩት ነው፤ ዴድላይን ካለፈ ወዲህ የገባ ዘገባ ቢባል እኔን የሚያክለኝ የለም።

እና የልጅ ልጄ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ሁለት ሰዎች ደስ ብሏቸው ሲጨባበጡ ብታይ፣ ቀንበር ይዞ ከማሳው በኩል የሚመጣ ሰው እንዳለ ዞር ብለሽ እዪ። አለመኖሩን ካረጋገጥሽ ወዲያ ዊን-ዊን በዪው። ሥልጠናው ላይ ይህን ካላሉሽ አሠልጣኙን ወደ እኔ ላኪው፤ ቁምጣ አበድረዋለሁ።

ስንቶቻችሁ ናችሁ ሦስተኛውን ሰው ረስታችሁ ያጨበጨባችሁ? እኔ ብቻ ነኝ እንዳትሉኝ።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ ለሌላ ሥራ ወደ ሞጣ ስሄድ እዚያው ቦታ መኪና አስቆሜ ወረድኩ። ይስማውን አገኘሁት፤ የተረሳ ይኖር እንደሆነም ዞሬ አየሁ። የይስማው ማሳ ተዘርቷል። የአያ ልየው ማሳም ተዘርቷል። ሰንጋው ከስቷል።